ሊንከንን ብቻውን ያልተዉት ሰዎች

ከዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ መሥሪያ ቤት አንድ ባልደረባ ነበረን። ጨዋታ አዋቂ፣ ለሰው የሚራራ፣ ሥራውን የሚያከብር ሰው ነበር። በመጨረሻዎቹ ወራት ግን ከእኛ ጋር ምሳ መብላት ተወ። ከሥራ ሲወጣ ብቻውን መጠጣት ጀመረ። ጠዋት ጠዋት ዓይኑ ደም መስሎ ይገባል። ሁላችንም አይተናል። መጠጥ አበዛ እየተባባልን በየጥጉ ከማውራት በቀር ግን ጠጋ ብሎ ምን ሆነህ ነው ያለው አልነበረም። እኔም አላልኩትም። አንድ ሰኞ ጠዋት ራሱን ማጥፋቱን ሰማን። ልቅሶ ቤቱ ሦስት ቀን ሙሉ መቀመጫ እስኪጠፋ ድረስ በሰው ተሞላ። እኔም ሦስቱንም ቀን እዚያው ነበርኩ። በሕይወት ሳለ ግማሽ ሰዓት ለነፈግኩት ሰው ከሞተ በኋላ ሦስት ቀን ሰጠሁት።

ይህ ነገር ከሕሊናዬ ሳይወጣ ነው የአብርሃም ሊንከንን ታሪክ እንደገና ያነበብኩት። ሊንከንን ሁላችንም ከትምህርት ቤት ጀምሮ እናውቀዋለን። በእንጨት ጎጆ ተወልዶ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነ፣ በእርስ በርስ ጦርነት አገሩን ከመከፈል ያዳነ፣ የባሮችን የነፃነት አዋጅ የፈረመ፣ ቲያትር ቤት ውስጥ በጥይት ተመትቶ የሞተ ሰው ነው። ያልተነገረን ግን ይኸው ሰው በወጣትነቱ ሁለት ጊዜ ራሱን ያጠፋል ተብሎ የተፈራለት፣ ሁለቱንም ጊዜ በጎረቤትና በጓደኛ ጥበቃ የተረፈ መሆኑ ነው። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግኩት ስለዚህኛው ሊንከን ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሊንከን በ1809 ኬንታኪ ውስጥ ተወለደ። ሞት ቤቱን ደጋግሞ የጎበኘበት ልጅ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው እናቱ ናንሲ ሞተች። የገደላት መርዛማ ተክል የበላች ላም ወተት ነው፤ በዚያ ዘመን በአካባቢው ብዙ ሰው የጨረሰ በሽታ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ሲል ደግሞ እህቱ ሳራ በወሊድ ሞተች። ትምህርት ቤት የተቀመጠበት ጊዜ ሁሉ ቢደመር አንድ ዓመት አይሞላም ነበር።

በ1831 ኒው ሳሌም ወደምትባል የኢሊኖይ መንደር ገባ። ሱቅ ጠበቀ፣ የፖስታ ቤት ኃላፊ ሆነ፣ መሬት ለካ። በ1834 ለግዛቲቱ ምክር ቤት ተመረጠ። በመንደሯ የሚወደድ፣ ተረብ የሚያውቅ፣ ትግል የሚችል ረጅም ወጣት ነበር። በኦገስት 1835 የሚቀርባት አን ረትሌጅ የተባለች ወጣት በትኩሳት ታማ ሞተች። ያን ጊዜ ሊንከን 26 ዓመቱ ነበር። ጎረቤቶቹ በኋላ እንደተናገሩት፣ ምግብ ተወ፣ ሰው ሸሸ፣ ብቻውን በጫካ መዞር ጀመረ። በተለይ ዝናብ ሲዘንብ ሐዘኑ ይብስበት ነበር ይላሉ። ራሱን እንዳያጠፋ የሰጉት የመንደሩ ሰዎች እየተፈራረቁ ጠበቁት። ቦውሊንግ ግሪን የተባለ ጎረቤቱና ሚስቱ ወደ ቤታቸው ወስደው እስኪረጋጋ አስቀመጡት።

ይህንን ምስክርነት ያሰባሰበው የሊንከን የጥብቅና ሸሪክ የነበረው ዊልያም ኸርንደን ሲሆን፣ ያሰባሰበውም ሊንከን ከሞተ በኋላ ነው። በመሆኑም ሊንከንና አን እጮኛሞች ነበሩ ወይስ አልነበሩም በሚለው የታሪክ ሰዎች ብዙ ተከራክረዋል። በሐዘን መጎዳቱንና የመንደሩ ሰው ለሕይወቱ መስጋቱን ግን የነገሩት ሰዎች ብዙ ናቸው።

እዚህ ላይ የእኛን አገር ልቅሶ አሰብኩ። እኛም ሐዘንተኛ ብቻውን አናሳድርም። ጎረቤት ፍራሽ አንጥፎ አብሮ ያድራል፤ አልበላም ያለውን በግድ ያጎርሳል። የኒው ሳሌም ገበሬዎች ያደረጉትም ይህንኑ ነው። ልዩነቱ፣ እኛ ይህን የምናደርገው ሰው ሲሞትብን ነው። ሞት ሳይኖር ልቡ ለተሰበረ ሰው ፍራሽ ማንጠፍ አልለመድንም።

ሁለተኛው ፈተና የባሰ ነበር። ሊንከን በ1837 ጠበቃ ሆኖ ወደ ስፕሪንግፊልድ ከተማ ተዛወረ። አንድ ሱቅ ገብቶ የመኝታ ዕቃ ዋጋ ጠየቀ። 17 ዶላር ተባለ። ገንዘቡ አልነበረውም፤ በዱቤ እንዲሰጡት ለመነ። ባለሱቁ ጆሹዋ ስፒድ የሰውየውን ፊት አይቶ አዘነ። ከሱቁ በላይ ሰፊ ክፍልና ሰፊ አልጋ ስላለኝ አብረን እንኑር አለው። እንዲህ የተጀመረ ጓደኝነት ነው በኋላ የሊንከንን ሕይወት ያተረፈው።

በ1841 መጀመሪያ መከራው ተደራረበ። ሊንከን በምክር ቤት የታገለላቸው የባቡር ሐዲድና የቦይ ፕሮጀክቶች ከሽፈው ግዛቲቱን ዕዳ ውስጥ ከተቷት። ከሜሪ ቶድ ጋር የነበረው እጮኝነት ፈረሰ። ስፒድም ሱቁን ሸጦ ወደ ኬንታኪ ሊመለስ ተዘጋጀ። ሊንከን ወደቀ። ከምክር ቤት ለቀናት ቀረ፣ ሰውነቱ ከሳ። በከተማው ወሬውን እያነሱ የሚቀልዱበትም ነበሩ። ስፒድ ግን አልቀለደም። ከክፍሉ ምላጩንና ቢላውን ሁሉ አወጣ። ከጎኑም አልተለየም።

ሊንከንም በበኩሉ አልደበቀም። ዋሽንግተን ለነበረው የጥብቅና ሸሪኩ ለጆን ስቱዋርት ሁለት ደብዳቤ ጻፈ። ምን ያህል እንደተሰቃየና መዳኑን እንደሚጠራጠር ሳያፍር ገለጸለት። ከዚያም አልፎ ሐኪሙን አንሰን ኸንሪን በስፕሪንግፊልድ የፖስታ ቤት ኃላፊነት እንዲያሾምለት ጠየቀው። ምክንያቱንም አልሸሸገም፤ ሐኪሙ ከተማውን ለቆ ከሄደ እኔ መኖር አልችልም የሚል ነበር። አንድ የምክር ቤት አባል ሐኪም ያስፈልገኛል ብሎ በገዛ እጁ ጽፎ መፈረሙ ነው እኔን ያስገረመኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን የእኛን ተረት የተረዳ ይመስላል። የምክር ቤት ባልደረባው ሮበርት ዊልሰን ደግሞ ሊንከን ብቻውን ሲሆን በሚመጣበት ሐሳብ የተነሳ ኪሱ ውስጥ ሰንጢ መያዝ ይፈራ እንደነበር እንደነገረው ተናግሯል። የገዛ ድካሙን አውቆ አጥር አጠረለት።

ስፒድ ሕክምና ሳይማር ያደረገውን ዛሬ ሳይንሱ ያረጋግጥለታል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ እጅግ የሚበረታበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ አጭር ነው። በዚያች ሰዓት መጉጃው ከአጠገብ ከራቀ፣ ሰው ከአጠገብ ካለ፣ ሰዓቷ ታልፋለች። ስሪ ላንካ እጅግ መርዛማ የሆኑ ፀረ ተባዮችን ከገበያ በማውጣቷ ከ1995 ወዲህ በነበሩት ሁለት አሥርት ዓመታት ራስን የማጥፋት መጠን 70 በመቶ ያህል ቀንሶላታል። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ ከ720,000 በላይ ሰዎች ራሳቸውን እንደሚያጠፉ ሲገልጽ፣ ይህን መቀነስ ይቻላል ከሚልባቸው መንገዶች ቀዳሚው ይኸው ነው።

በ1841 በጋ ሊንከን ስፒድን ተከትሎ ኬንታኪ ሄደና ፋርሚንግተን በተባለው የስፒድ ቤተሰብ ርስት ሳምንታት ቆየ። የስፒድ እናት መጽሐፍ ቅዱስ ሰጥታ አጽናናችው። እውነቱ መነገር አለበትና፣ ያ ርስት በባርነት በተያዙ ሰዎች ጉልበት የሚለማ ነበር። ሊንከን ያገገመበት ቤት፣ በኋላ ሊያፈርሰው በተነሳው ሥርዓት የቆመ ቤት ነው።

በዓመቱ ተራው የስፒድ ሆነ። ሊያገባ ሲል በጭንቀት ተያዘ፤ ሚስት የምትሆነውን ልጅ መውደዱን እንኳ ተጠራጠረ። ያን ጊዜ ሊንከን ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ ጻፈለት። ጭንቀቱ የባሕርይ ጉድለት ሳይሆን ሕመም እንደሆነ፣ እንደሚያልፍም፣ ከራሱ ታሪክ እየጠቀሰ አስረዳው። ስፒድ በፌብሩዋሪ 1842 በሰላም አገባ። ሊንከንም በዚያው ዓመት ኖቬምበር ከሜሪ ቶድ ጋር ታርቆ አገባት።

ለእኔ ከሁሉ የበለጠው ግን ስፒድ ባገባ በሳምንቱ የሆነው ነው። በባልቲሞር ከተማ ስድስት ጠጪዎች በ1840 መጠጥ ለማቆም ተማምለው የመሠረቱት ዋሽንግተኒያን የሚባል ማኅበር ነበር። አባላቱ እርስ በርስ ታሪካቸውን እየተናገሩ ይደጋገፉ ነበር። ማኅበሩ በስፕሪንግፊልድ ቅርንጫፍ ነበረውና በፌብሩዋሪ 22 ቀን 1842 ሊንከንን በአንድ ቤተ ክርስቲያን ንግግር እንዲያደርግ ጋበዘው። ሊንከን ራሱ አይጠጣም። ግን ሰካራሞችን አልኮነነም። ኮናኞቹን ነው የተቸው። ሰካራምን መርገምና ማግለል ማንንም እንዳልመለሰ፣ ከመጠጥ የወጣ ሰው ለሌላው ጠጪ ከማንም የተሻለ ሰባኪ እንደሆነ አስረዳ። ከዚያም በሱስ ያልተያዝን ሰዎች የዳንነው አብዛኛውን ጊዜ አምሮቱ ስላልነበረን እንጂ ከተያዙት በልጠን አይደለም አለ። ኸርንደን እንደሚያስታውሰው ንግግሩ አንዳንድ ምእመናንን ክፉኛ አስቆጥቶ ነበር።

ማኅበሩ ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ። ሐሳቡ ግን አልሞተም። በ1935 በኦሃዮ ግዛት የተቋቋመውና ዛሬ በብዙ አገሮች የሚገኘው ስም የለሽ የአልኮል ሱሰኞች ማኅበር በዚያው እምነት ይሠራል፤ የወደቀን የሚያነሳው ወድቆ የተነሳ ነው የሚል።

ሊንከን ዳነ ብዬ ልደመድም አልችልም። ድባቴው ዕድሜ ልኩን ተከተለው። የዘመኑ ሐኪሞች ያዘዙለት የነበረው ክኒን እንኳ ሜርኩሪ ያለበት መርዝ ነበር። ልጁ ኤዲ በ1850 ሞተ፤ ሌላው ልጁ ዊሊ ደግሞ በ1862 በፕሬዚዳንትነቱ ዘመን ሞተበት። ሆኖም በዚያው ዓመት ዲሴምበር፣ በጦርነቱ ማዕበል መካከል፣ አባቷ ጦር ሜዳ ለወደቀባት ፋኒ መኩሎ ለተባለች ወጣት የማጽናኛ ደብዳቤ ጻፈላት። ሐዘኑ አሁን የማያልፍ ቢመስላትም እንደሚያልፍ፣ ይህንንም ከራሱ ሕይወት እንደሚያውቅ ነገራት።

በ1841 ክረምት ሊንከን ለስፒድ ሞትን እንደማይፈራ፣ የሚቆጨው ግን ሰው የሚያስታውሰው ምንም ሥራ ሳይሠራ መሞቱ እንደሆነ ነግሮት ነበር። በጃንዋሪ 1 ቀን 1863 የነፃነት አዋጁን ፈረመ። ከዚያ በኋላ ስፒድን ሲያገኘው ያንን የድሮ ንግግራቸውን አስታወሰው፤ በዚህ ሥራ ምኞቱ እንደሚፈጸም ተስፋ እንዳለውም ገለጸለት። ስፒድ ሱቁ በላይ ባለው ክፍል ባይጠብቀው ኖሮ ይህ ቀን አይኖርም ነበር ብዬ አስባለሁ። በኤፕሪል 1865 ሊንከን በሰው እጅ ሞተ፤ በገዛ እጁ ግን አልሞተም።

ይህን የምጽፈው ሐዘን ታላቅ ሰው ያደርጋል ለማለት አይደለም። ሕመም ሕመም ነው። ሊንከን ፕሬዚዳንት ባይሆን፣ እንደ እኛ ባልደረባ ተራ ሠራተኛ ቢሆንም ኖሮ መዳን ይገባው ነበር።

በከተማችን አማኑኤል ሆስፒታል የሚለውን ስም ለስድብ መጠቀም ለምደናል። ይህ ልማድ ስንቱን ከሐኪም ደጃፍ እንደመለሰ እግዜር ይወቀው። ዛሬ የአእምሮ ሕክምና በሌሎች ሆስፒታሎችም ይሰጣል፤ ድባቴም ሱስም ይታከማሉ። ከባድ ጠጪ የሆነን ሰው ግን በአንድ ቀን አቁም ማለት ለሕይወቱ ሊያሰጋ ይችላል፤ በሐኪም እርዳታ ቢያቆም ይሻላል። ራስህን ስለማጥፋት ታስባለህ ወይ ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ባለሙያዎች እንደሚሉት ብዙ ጊዜ ያስተነፍሰዋል። ሰውየው አዎ ካለ ደግሞ ብቻውን አይተውም፤ አደገኛ ነገር ከአጠገቡ ይነሳል፤ አብሮት ሐኪም ቤት ይኬዳል።

ከባልደረባችን ጋር በቀረ ግማሽ ሰዓት ምን ይለወጥ እንደነበር አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ልማድ አወጣሁ። ምሳ የተወ፣ ዝም ያለ፣ መጠጥ ያበዛ ሰው ሳይ ወንበሬን ስቤ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ምን ሆነህ ነው እለዋለሁ። ምንም ቢለኝም ቶሎ አልነሳም።