ሃንስ ኮስተርሊትዝ

ሃንስ ቫልተር ኮስተርሊትዝ (ሚያዝያ 19 ቀን 1895 ዓ.ም. – ጥቅምት 16 ቀን 1989 ዓ.ም.) በጀርመን ተወልደው በስኮትላንድ የሠሩ የፋርማኮሎጂ ማለትም የመድኃኒት ሳይንስ ተመራማሪ ነበሩ። አንጎል ራሱ የሚያመነጫቸውን ሞርፊን መሰል ንጥረ ነገሮች ከጆን ሂዩዝ ጋር በማግኘታቸው ይታወቃሉ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሕይወት

በ1903 በርሊን ውስጥ ከሐኪም አባት ተወለዱ። ለጥቂት ጊዜ ሕግ ከተማሩ በኋላ ወደ ሕክምና ዞሩ፤ በ1928ም ተመረቁ። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ የአይሁድ ዝርያ ያላቸው ሐኪሞች ከመንግሥት ሥራ ይባረሩ ጀመር። ኮስተርሊትዝም በ1934 ተሰደው ወደ አበርዲን ሄዱ፤ እዚያ የተቀበሏቸው በኢንሱሊን ግኝት የኖቤል ሽልማት ያገኙት ጆን ማክላውድ ናቸው። ቀሪ ዕድሜያቸውን በዚያች ከተማ አሳለፉ። ልጃቸው ማይክል ኮስተርሊትዝ በ2016 በፊዚክስ የኖቤል ተሸላሚ ሆኗል።

የምርምር ሥራ

ለብዙ ዓመታት ያጠኑት ሰውነት ስኳርን እንዴት እንደሚጠቀም ነበር። ወደ ሞርፊን የመጡት ዘግይተው፣ በአንጀት ነርቮች በኩል ነው። ጊኒ ፒግ ከተባለችው ትንሽ እንስሳ የተቆረጠ ትንሹ አንጀት በፈሳሽ ውስጥ ተንጠልጥሎ በኤሌክትሪክ ሲነካ ይኮማተራል። ሞርፊን ሲጨመርበት መኮማተሩ ይዳከማል፤ ናሎክሶን የተባለው ማገጃ ሲጨመር ደግሞ ይመለሳል። ናሎክሶን ሞርፊን የሚያርፍበትን ተቀባይ ይይዝና ቦታውን ይዘጋል፤ ራሱ ግን ተቀባዩን አያነቃም። በጣም ቀላል የሚመስል ሙከራ ነው፤ ሆኖም የማይታወቅ ንጥረ ነገር በሞርፊን መንገድ ይሠራ እንደሆነ ለመለየት ያስችላል።

በ1973 በ70 ዓመታቸው ከፕሮፌሰርነት ጡረታ ሲወጡ በአበርዲን ዩኒቨርሲቲ የሱስ አምጪ መድኃኒቶች ምርምር ክፍልን አቋቋሙ። ትልቁ ግኝታቸው የመጣውም ከጡረታ በኋላ ነው፦ በ1975 ከሂዩዝ ጋር ሆነው ከአሳማ አንጎል ሁለት ኢንኬፋሊኖችን ለዩ። ሱስ የማያስይዝ የሕመም ማስታገሻ ተገኘ የሚል ተስፋ ወዲያው ተነሣ፤ ግን ብዙም አልቆየም። በ1976 በሌላ ቤተ ሙከራ ኢንኬፋሊን አንጎላቸው ውስጥ ያለማቋረጥ የተንጠባጠበላቸው አይጦች ናሎክሶን ሲሰጣቸው እንደ ሞርፊን ጥገኞች የማቋረጥ ሕመም ታየባቸው። ንጥረ ነገሩ ከገዛ አካል መምጣቱ ከሱስ አላዳነም።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው የትኛው ተቀባይ ምን ይሠራል የሚል ሆነ። በ1977 የኮስተርሊትዝ ቡድን ኢንኬፋሊኖች ከሞርፊን በተለየ ተቀባይ ላይ እንደሚበረቱ አሳየ። ሙከራው በአይጥ የዘር ፈሳሽ ማስተላለፊያ ቱቦ ላይ የተደረገ ስለነበር ተቀባዩ ከቱቦው የላቲን ስም በመነሣት ዴልታ ተባለ። ሞርፊን በዋናነት የሚያርፍበት ሙ ይባላል።

ለሱስ ጥናት ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሞርፊን ለቀናት በተሰጠው እንስሳ ላይ ሙ ተቀባይ በድንገት ቢታገድ የማቋረጥ ሕመም ይቀሰቀሳል፦ ትንንሾቹ አይጦች ይዘላሉ፣ ትላልቆቹ እንደ ረጠበ ውሻ ሰውነታቸውን ያራግፋሉ። የሕመም ማስታገሻውም ኃይል አብሮ ይጠፋል። በ1991 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ዴልታን ብቻ የሚያግድ ናልትሪንዶል የተባለ ንጥረ ነገር ከሞርፊን ጋር ለአይጦች ሲሰጡ፣ ሞርፊኑ ሕመም ማስታገሱን ሳይተው መላመዱና ጥገኝነቱ ቀነሰ። ይህ ግን የአይጥ ውጤት ነው፤ ለሰው የሚሰጠው የሱስ ሕክምና ናልትሬክሶን አሁንም በዋናነት ሙን የሚያግድ ነው።

ኮስተርሊትዝ በ1978 ከሂዩዝና ከሰሎሞን ስናይደር ጋር የላስከር ሽልማትን ተቀበሉ፤ በዚያው ዓመት የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኑ። በ1996 በ93 ዓመታቸው አበርዲን ውስጥ አረፉ። በሞቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሙ ተቀባይ ሳይኖራቸው እንዲወለዱ የተደረጉ አይጦች ጥናት ታተመ፤ እነዚህን አይጦች ሞርፊን ሕመማቸውን አላስታገሰላቸውም፣ ጥገኛም አላደረጋቸውም።