ራስ እምሩ እና የሽሬ ድንጋይ

ሽኩና ጊሜል ውስጥ ሦስት ሆነን በተከራየናት ቤት፣ የሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ ከምግብ ይልቅ የፕላስቲክ ሞዴል የሚቀመጥበት ቀን ይበዛል። በጎላኒ ያገለገለው ጓደኛዬ ባለ ሰንሰለቱን ናሜር ይገጣጥማል። በናሃል የነበረው ደግሞ ስምንት ጎማ ያለውን ኤይታን ከፕላስቲክ ሰሌዳ እየቆረጠ ይሠራል። ክርክራቸው አያልቅም። ናሜር በመርካቫ ታንክ አካል ላይ የተሠራ፣ ወደ 60 ቶን የሚመዝን ነው። ሰንሰለቱ ክብደቱን መሬት ላይ ስለሚያሰፋው በአሸዋና በፍርስራሽ ላይ ይሄዳል፤ ሩቅ አገር ሲሆን ግን በተጎታች መጫን አለበት። ኤይታን ቀለል ያለ ነው፤ አስፋልት ላይ በሰዓት እስከ 90 ኪሎ ሜትር በራሱ ጎማ ይሮጣል።

አንድ ቀን የጎላኒው ልጅ አያት ሊጠይቁን መጡ። የሽሬ ሰው ናቸው። ሞዴሎቹን ዞር ዞር አድርገው አዩና ራስ እምሩን ታውቃላችሁ ወይ ብለው ጠየቁን። ሦስታችንም ዝም አልን። ይህን ያጻፈኝ ያ ዝምታ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

እምሩ ኃይለ ሥላሴ በ1892 በሐረር አገር ተወለዱ። የኋላው ንጉሠ ነገሥት ተፈሪ መኮንን የቅርብ ዘመዳቸውና አብሮ አደጋቸው ነበሩ። በአንድ ቤት አድገው አብረው ተምረዋል። ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ከነገሡ በኋላ፣ በ1932 እምሩ የጎጃም ገዢ ሆነው ተሾሙ።

በ1935 የሙሶሊኒ ጦር ከኤርትራ ተነሥቶ መረብን ሲሻገር፣ ራስ እምሩ ሠራዊታቸውን ይዘው ወደ ሽሬ ዘመቱ። ከጎጃም እስከ ተከዜ የተጓዙት ለሳምንታት በእግርና በበቅሎ ነው። መንገድ ላይ የጎጃሙ ደጃዝማች ገሠሠ በለው ከድተው ተመለሱ፤ አውሮፕላንም ደበደባቸው። ብዙው ወታደር የያዘው አሮጌ ጠመንጃና ጎራዴ ነበር።

ዲሴምበር 15 ቀን 1935 በፊታውራሪ ሽፈራው የሚመራው ቀዳሚ ጦር ተከዜን ተሻገረ። ጣሊያኖቹ ከኤርትራ አስካሪዎቻቸው ጋር ወደ ደምበጉና መተላለፊያ አፈገፈጉ። እዚያ ሲደርሱ ግን የኢትዮጵያ ጦር ቀድሞ ይዞታል። መንገድ እንዲከፍቱ ትንንሾቹን ታንኮች ፊት አስቀደሙ። ሲቪ 33 የሚባሉት እነዚህ ታንኮች እያንዳንዳቸው ሦስት ቶን ያህል የሚመዝኑ፣ ሁለት ሰው የሚይዙ ነበሩ። ከላይ የሚዞር ማማ የላቸውም። መትረየሳቸው ወደ ፊት ብቻ ያያል፤ ወደ ጎን የሚዞረውም በጥቂቱ ነው።

የራስ እምሩ ሰዎች ይህን ቶሎ አዩት። ከፊት ለፊቱ ገሸሽ እያሉ በጎንና በኋላ መጡበት። በጠባቡ ድንጋያማ ቦታ ታንኮቹ መዞር አቃታቸው። ሰንሰለት ለስላሳ መሬት ላይ ጥሩ ቢሆንም፣ በሹል ድንጋይና በጎን ዳገት ላይ ሲጠመዘዝ ሊወልቅ ይችላል። አንድ ጊዜ ከቆመ ደግሞ ጀርባው ላይ መዝለል ለደፋር ሰው የሚቻል ነው፤ ዘለሉበትም። ከእንዳ ሥላሴ ሌላ ረዳት ጦር በታንክና በካሚዮን ሲመጣ፣ ቋጥኝ አንከባለው መንገዱን ዘጉበት። ያን ቀን ሰንሰለቱም ጎማውም አንድ ላይ ቆመ።

ድሉ ግን ዕድሜ አላገኘም። ከሳምንት በኋላ፣ ዲሴምበር 23፣ አውሮፕላኖች በተከዜ አካባቢ የመርዝ ጋዝ ጣሉ። ጀርባ ላይ ሊዘለልበት የሚችል ነገር አልነበረም። የሰው ቆዳ ተላጠ፤ ዓይን ጠፋ። እስከ ማርች 1936 መጀመሪያ ባለው የሽሬ ጦርነት ሠራዊቱ ተሰበረ፤ ራስ እምሩም ከቀሪዎቹ ጋር ተከዜን ተሻግረው ወደ ኋላ ተመለሱ። በዚያው ወር ከአሥመራ የተነሣ የጣሊያን ጦር በኦምሐጀር በኩል በካሚዮን ተጉዞ ኤፕሪል 1 ጎንደር ገባ። ሰንሰለቱ የተሸነፈበትን ተራራ ጎማው በሌላ መንገድ ዞረው።

ንጉሠ ነገሥቱ ሲሰደዱ ራስ እምሩ እንደራሴ ሆነው በጎሬ ቀሩ። ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ሲታገሉ ቆይተው፣ ዲሴምበር 1936 ጎጀብ ወንዝ ላይ ተከበው እጃቸውን ሰጡ። ወደ ጣሊያን ተወስደው በፖንዛ ደሴት ታሰሩ። በ1943 ሙሶሊኒ ራሱ ከሥልጣን ወርዶ ለጥቂት ቀናት የታሰረው በዚያችው ደሴት ነው። ራስ እምሩም በዚያው ዓመት ነፃ ወጡ።

ከዚያ በኋላ በአሜሪካ፣ በሕንድና በሶቪየት ኅብረት አገራቸውን ወከሉ። መሬታቸውን ለሚያርሱት ገበሬዎች በማከፋፈላቸው ብዙ መኳንንት ተቀይመዋቸዋል። በ1960 የመንግሥት ግልበጣ የሞከሩት ሰዎች ጠቅላይ ሚኒስትር ብለው ስማቸውን ጠሩ፤ ሙከራው ከሸፈ፣ እሳቸው ግን አልተቀጡም። በ1980 አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ። ትዝታቸውም ካየሁት ከማስታውሰው በሚል ርእስ ታትሟል።

እኛ ቤት አሁን ሦስተኛ ሞዴል አለ፤ ሲቪ 33። በ1 ለ 35 መጠን ርዝመቱ 9 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ከናሜሩ አጠገብ መጫወቻ ይመስላል። አያት ዳግመኛ ሲመጡ በኩራት አሳየናቸው። ረጅም ጊዜ ተመለከቱትና ድንጋዩ የት እንዳለ ጠየቁን። ልክ ናቸው። ባዶ ሰሌዳ ላይ የቆመ ታንክ ምንጊዜም አሸናፊ ይመስላል። ከወንዙ ዳር ጠጠር ለቅመን አምጥተናል፤ በዚህ ሳምንት እንለጥፈዋለን።