ከካርታ ፋብሪካ የተነሣው መሐንዲስ፦ የጉንፔ ዮኮይ የሕይወት ታሪክ

አንድ ተማሪ ትንሽ የመጫወቻ መሣሪያ በመዳፉ ይዞ አቀርቅሮ ሲገኝ ታላላቆቹ የሚሰጡት ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም ጊዜውን በከንቱ ያጠፋል የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም የጃፓንን የቪዲዮ ጨዋታ ለብዙ ዘመን የተመለከተው በዚሁ ዓይን እንደ ነበረ ሳይሸሽግ ይናገራል። ነገር ግን መሣሪያዎቹ በማን እጅና በምን ሐሳብ እንደ ተሠሩ መመርመር በጀመረ ጊዜ፣ በኪዮቶ ከተማ ማሽን ጠጋኝ ሆኖ የተቀጠረ አንድ ሰው አገኘ፤ የሰውየውንም ታሪክ ካወቀ በኋላ የቀድሞ ፍርዱን እንደ ያዘ መቆየት አልተቻለውም። ይህ ሰው ጉንፔ ዮኮይ ይባላል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉንፔ ዮኮይ በሴፕቴምበር 10 ቀን 1941 በኪዮቶ ተወለደ። በዚያው ከተማ በሚገኘው በዶሺሻ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማረ። በትምህርቱ ከግንባር ቀደሞቹ ተማሪዎች የሚቈጠር አልነበረም፤ ሲመረቅም ወደ ትላልቆቹ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ቢያመለክት አልተቀበሉትም። ስለዚህ በ1965 ለቤቱ የሚቀርበውን ሥራ ያዘ። ቀጣሪው ኩባንያ ኒንቴንዶ ይባላል።

ዛሬ ይህን ስም የማያውቅ ወጣት ጥቂት ነው። በዚያን ጊዜ ግን ኒንቴንዶ የካርታ ፋብሪካ ነበር። በ1889 የተቋቋመው ሐናፉዳ የሚባለውን፣ የአበባና የዕፅዋት ሥዕል ያለበትን የጃፓን መጫወቻ ካርታ ለመሥራት ሲሆን፣ ዮኮይ በገባበት ጊዜ ኩባንያውን ይመሩ የነበሩት የመሥራቹ የልጅ ልጅ ልጅ ሚስተር ሂሮሺ ያማኡቺ ነበሩ። የዮኮይም ሥራ ካርታ የሚያትሙትንና የሚቈርጡትን ማሽኖች መጠበቅ ነበር። ማሽኑ በደኅና የዞረ እንደ ሆነ ጠባቂው ሥራ የለውም። የዩኒቨርሲቲ ዲፕሎማ ይዞ ከዕለት ወደ ዕለት ማሽን ሲዞር እያዩ መቀመጥ ምን ያህል እንደሚያሰለች፣ ከወጣት የመንግሥት ሠራተኞች መካከል የሚረዱት አንባቢዎች ይኖራሉ።

ዮኮይ ግን ሥራ በፈታበት ሰዓት በፋብሪካው መሣሪያ መጫወቻ እየሠራ ራሱን ያጫውት ጀመር። ከሠራቸውም አንዱ እንደ መቀስ እየተጣጠፈና እየተዘረጋ ራቅ ያለ ዕቃ የሚይዝ እጅ ነበር። አንድ ቀን ፕሬዚዳንቱ ፋብሪካውን ሲጐበኙ ይህን አዩና ዮኮይን ወደ ቢሮአቸው አስጠሩት። እሱ በሥራ ሰዓት በመጫወቱ የሚቀጣ መስሎት ነበር። ሚስተር ያማኡቺ ግን ያን ነገር ለገበያ የሚሆን ዕቃ አድርጎ እንዲሠራው አዘዙት። መጫወቻው በ1966 ተሸጠ፤ ከ1 ሚሊዮን በላይም ገዢ አገኘ። ኩባንያው በዚያን ጊዜ ከካርታ ሌላ የሞከረው ንግድ ሁሉ አልሆን ብሎት የተቸገረ ስለ ነበር፣ ማሽን ጠባቂው ወዲያውኑ የአዳዲስ መጫወቻዎች ፈልሳፊ ሆነ።

ከዚህ በኋላ የሠራቸውን አንድ በአንድ መዘርዘር አያስፈልግም፤ ሁለቱ ብቻ የሰውየውን አስተሳሰብ ያሳያሉ። በ1969 ወንድና ሴት እጅ ለእጅ ተያይዘው በነፃ እጃቸው ሁለት የብረት እንክብሎችን ሲጨብጡ፣ በሰውነታቸው ውስጥ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ እየለካ የፍቅራቸውን ልክ እናገራለሁ የሚል መሣሪያ አወጣ። ከውስጡ ያለው ማንኛውም የኤሌክትሪክ ተማሪ የሚያውቀው ተራ መለኪያ ነው። በወቅቱ ግን የጃፓን ወጣቶች በሰው ፊት እጅ ለእጅ መያያዝ ያፍሩ ስለ ነበር፣ መሣሪያው የፈለጉትን ለማድረግ ምክንያት ሰጣቸው። ሁለተኛው በ1972 የወጣው በሬዲዮ የሚታዘዝ ትንሽ መኪና ነው። እንዲህ ያለው መኪና በጊዜው ዋጋው የማይቀመስ ነበር። ዮኮይ መኪናው ወደ ግራ ብቻ እንዲታጠፍ አድርጎ የሬዲዮውን ክፍሎች በመቀነስ ዋጋውን አወረደው። ክብ በሆነ ሜዳ ለሚሽቀዳደም መኪና ወደ ግራ መታጠፍ ይበቃዋል! ይህን ሲያነብ የማይስቅ ሰው ያለ አይመስልም፤ ከሣቀ በኋላ ግን ነገሩ ልክ መሆኑን ይቀበላል።

ዮኮይ ይህን የአሠራር መንገድ በኋላ ዘመን ስም ሰጥቶታል። ሐሳቡም በአጭሩ እንዲህ ነው። አዲስ የወጣ የቴክኒክ ዕውቀት ውድ ነው፤ ጉድለቱም ገና አልታወቀም። ቈይቶ እንደ ደረቀ ቅጠል የተናቀው ዕውቀት ግን ዋጋው ርካሽ፣ ጠባዩም የታወቀ ነው። ስለዚህ ብልሃቱ ያን የተናቀውን ነገር ከተለመደው አገልግሎቱ ወደ ጎን ወስዶ፣ ማንም ላላሰበው ጉዳይ ማዋል ነው ይል ነበር።

ይህ ሐሳብ ትልቁን ፍሬ የሰጠው በባቡር ነው። ዮኮይ አንድ ቀን ሺንካንሰን በሚባለው ፈጣን ባቡር ሲሳፈር አንድ የደከመው የቢሮ ሠራተኛ የኪስ ካልኩሌተሩን አውጥቶ፣ ለሒሳብ ሳይሆን ጊዜ ለማሳለፍ ቍልፎቹን ሲነካካ ተመለከተ። አዋቂ ሰው በሕዝብ ፊት መጫወቻ ይዞ መታየት ያፍራል፤ በእጁ የሚደበቅ ትንሽ ነገር ቢያገኝ ግን ይጫወታል ብሎ አሰበ። ከዚህም በኋላ የፕሬዚዳንቱ ሾፌር ታሞ ስለ ቀረ መኪናውን ዮኮይ እንዲነዳ ሆነ፤ በመንገድም ሐሳቡን ነገራቸው። ሚስተር ያማኡቺ የሰሙት አይመስሉም ነበር። ነገር ግን በዚያው ቀን በተገኙበት ስብሰባ ከሻርፕ ኩባንያ ፕሬዚዳንት አጠገብ ተቀምጠው ነገሩን አነሡባቸው፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ የሻርፕ ሰዎች ወደ ኒንቴንዶ መጡ።

ሻርፕ የመጣበት ምክንያት ግልጽ ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት ሻርፕና ካሲዮ በካልኩሌተር ገበያ እርስ በርሳቸው ዋጋ በማውረድ ሲፋለሙ፣ ቁጥር የሚታይበት ጥቁርና ግራጫ ስክሪንና በውስጡ ያለው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል እጅግ ረክሶ ነበር። የተረፈውን ወዴት እናድርሰው በሚባልበት ጊዜ ዮኮይ ገዢ ሆኖ ቀረበ። ጌም ኤንድ ዎች ተብሎ በ1980 የወጣው መጫወቻ፣ ሰዓትም ስለሚያሳይ፣ አዋቂዎች ሳያፍሩ በኪሳቸው ያዙት። በጠቅላላው 43 ሚሊዮን ከ400 ሺህ ያህል ተሸጧል። በ1982 ከእነዚሁ ለአንዱ፣ ቀጥ ያለው ማዘዣ እንጨት በሚታጠፍ የኪስ ዕቃ ላይ ስለማይመች፣ በመስቀል ቅርጽ የተሠራ ጠፍጣፋ ቍልፍ አደረገለት። አውራ ጣት ሳያይ ላይና ታች፣ ግራና ቀኝ የሚያገኝበት ይህ ቍልፍ በዓለም ያሉ የጨዋታ መሣሪያዎች የያዙት ምልክት ሆኖአል።

በ1981 ዶንኪ ኮንግ የተባለውን ጨዋታ ይሠራ የነበረውን ወጣት ሠዓሊ ሺገሩ ሚያሞቶን የሚቈጣጠረው ዮኮይ ነበር። ሚያሞቶ ዛሬ ከእሱ ይልቅ የታወቀ ነው።

ከዚያ በኋላ በ1989 ጌም ቦይ መጣ። ዮኮይና ባልደረባው ሳቶሩ ኦካዳ ከጓዶቻቸው ጋር የሠሩት ይህ መሣሪያ ስክሪኑ አረንጓዴ የሚመስል፣ አራት ዓይነት የጥቁረት ደረጃ ብቻ የሚያሳይ፣ ያለ ብርሃን የማይታይ ነበር። በዚያው ዓመት አታሪ፣ በሚቀጥለውም ዓመት ሴጋ ባለ ቀለም መሣሪያ አወጡ። ተወዳዳሪ ኩባንያ ተመሳሳይ መሣሪያ ማውጣቱን አንድ ሠራተኛ ፊቱ ጠቍሮ ለዮኮይ ሲነግረው፣ ዮኮይ ባለ ቀለም መሆኑን ጠየቀና አዎን ቢባል እንግዲያው የሚያሰጋን ነገር የለም ብሎ መለሰ ይባላል። የተናገረው በትዕቢት አልነበረም፤ ሒሳቡን አስቀድሞ አስልቶት ነበር። የሴጋ መሣሪያ 6 ባትሪ ድንጋይ ይበላል፤ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ብቻ ይሠራል። ጌም ቦይ ግን በ4 ባትሪ ድንጋይ ከ10 ሰዓት በላይ ይሄዳል፤ ዋጋውም ከሁሉ ያነሰ ነበር። ስለ ቀለሙም ዮኮይ የራሱ ምሳሌ ነበረው። በጥቍር ሰሌዳ ላይ ሁለት ክብ ስለን ይህ የበረዶ ሰው ነው ብንል የሚያየው ሁሉ በልቡ የበረዶውን ንጣት ይሞላዋል፤ ጨዋታ ውስጥ የገባም ሰው ቀለሙን ራሱ ይጨምራል የሚል ነበር።

ከመሣሪያው ጋር በአሜሪካ የተሸጠው ጨዋታ ቴትሪስ፣ በ1984 በሶቪየት ኅብረት አሌክሴይ ፓጂትኖቭ የፈጠረው ነው፤ ጡብ የመደርደር ያህል ቀላል ስለ ሆነ ቀለም አያሻውም። ሁለት መሣሪያዎችን የምታገናኘውም ገመድ ቈይታ ሌላ ፍሬ አፈራች። ሳቶሺ ታጂሪ የተባለ በልጅነቱ ነፍሳት እየያዘ ይሰበስብ የነበረ ሰው፣ ነፍሳት በገመዲቱ ላይ ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው ሲሄዱ በሐሳቡ ታየውና በ1996 ፖኬሞን የተባለውን ጨዋታ አወጣ። ጌም ቦይ ቀለም ያለው ተተኪው ጭምር ሲቈጠር ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጦአል። በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ በቦምብ ቃጠሎ ሽፋኑ የቀለጠ አንድ ጌም ቦይ ግን ሳይሞት ቀርቶ፣ በኒውዮርክ በኒንቴንዶ መደብር ቴትሪስ እያጫወተ ለብዙ ዓመታት ለሕዝብ ታይቷል።

አሁን ወደ ውድቀቱ እንመለስ፤ የዮኮይን ታሪክ የሚጽፉ አንዳንዶች ይህን በአንድ መስመር ያልፉታል፤ ሌሎች ደግሞ ከዚህ በቀር ሌላ አያነሡም። በ1995 ቨርቹዋል ቦይ የተባለ፣ በጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ፊትን አስጠግተው የሚመለከቱበት መሣሪያ አወጣ። ሥዕሉ ርቀትና ጥልቀት ያለው መስሎ ይታያል፤ ቀለሙ ግን ቀይ ብቻ ነበር። ቀይ ብርሃን የተመረጠው የሚሰጡት ትንንሽ መብራቶች ርካሾችና ኤሌክትሪክ ቈጣቢዎች ስለ ሆኑ ነው። እንግዲህ ያው የዱሮው ብልሃት መሆኑ ነው። ነገር ግን በኪስ አይገባ፣ በባቡር አይያዝ፤ አጠገብ የቆመ ጓደኛም ተጫዋቹ የሚያየውን አያይም፤ ዓይንና ራስ ያሳምማል የሚል ወሬም በዛበት። እንደ ጽሑፉ አቅራቢ አስተያየት ዮኮይ ርካሹን ነገር ማግኘቱን አልዘነጋም፤ የዘነጋው ያን የደከመውን የባቡር ተሳፋሪ ነው። መሣሪያው 770 ሺህ ያህል ብቻ ተሸጦ ዓመት ሳይሞላው ቆመ።

ዮኮይ በኦገስት 1996 ከ31 ዓመት አገልግሎት በኋላ ኒንቴንዶን ለቀቀ። ብዙዎች በውድቀቱ ምክንያት የተባረረ አስመሰሉት። እሱ ግን ለቅቆ የራሱን ሥራ ለመጀመር ከቀድሞም ያሰበ መሆኑን ገልጾአል፤ ከመውጣቱም በፊት ከፊተኛው ያነሰና ስክሪኑ የጠራ ጌም ቦይ ሠርቶ አስረክቦ ነው የሄደው። ወዲያውም በኪዮቶ ኮቶ የተባለ ትንሽ ድርጅት አቋቋመ።

ይህን አዲስ ሥራ ለመምራት ግን ዕድሜ አላገኘም። በኦክቶበር 4 ቀን 1997 በሆኩሪኩ አውራ ጎዳና የተሳፈረበት መኪና ከፊቱ ካለ የጭነት መኪና ጋር በመጠኑ ተጋጨ። ጉዳቱን ለማየት ከመኪናው በወረደ ጊዜ ሌላ መኪና መታው፤ በዚያውም ሞተ። ዕድሜው 56 ዓመት ነበር።

ባንዳይ ለተባለው ኩባንያ ያቀደው የኪስ መጫወቻ ዎንደርስዋን፣ እሱ በሞተ በሁለተኛው ዓመት በ1999 በጃፓን ለገበያ ወጣ። ስክሪኑ ቀለም የለውም፤ ዋጋው 4,800 የን ነበር፤ የሚሠራውም በአንድ ባትሪ ድንጋይ ነው። ከእሱ ጋር አብሮ ለወጣው አንድ ጨዋታ ባልደረቦቹ የዮኮይን ስም አወጡለት።