ግሪን ቫርዲማን ብላክ

ግሪን ቫርዲማን ብላክ (በአጭሩ ጂ. ቪ. ብላክ፤ ኦገስት 3 ቀን 1836 – ኦገስት 31 ቀን 1915 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም፣ ተመራማሪና መምህር ነበር። በብዙ አገሮች የዘመናዊ ጥርስ ሕክምና አባት ተብሎ ይታወቃል። ከሥራዎቹ ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያገኘው ጥርስ የሚሞላበትን የብረታ ብረት ቅይጥ በመለኪያ መመርመሩ ነው። አንድ ቅይጥ በጥርስ ውስጥ የሚኖረው ጠባይ ከምን እንደተቀየጠ ብቻ ሳይሆን፣ ከተቀየጠ በኋላ ምን ያህል ሙቀት እንዳገኘም እንደሚወሰን ያሳየው እሱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ብላክ በኢሊኖይ ግዛት፣ በዊንቸስተር ከተማ አቅራቢያ በሚገኝ እርሻ ላይ ተወለደ። መደበኛ ትምህርት ያገኘው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር። 17 ዓመት ሲሞላው ሐኪም ከነበረው ወንድሙ ከቶማስ ዘንድ ሄዶ ሕክምና ማጥናት ጀመረ። በ1857 ደግሞ ስፒር ከተባለ የጥርስ ሐኪም ጋር ለአጭር ጊዜ ሠርቶ ሙያውን ተማረና በዊንቸስተር የራሱን ሥራ ከፈተ። በዚያን ዘመን አብዛኛው የአሜሪካ ጥርስ ሐኪም ሙያውን የሚማረው እንደ አንጥረኛ ነበር፦ ከባለሙያ ጎን ቆሞ፣ እጁን አይቶ። የጥርስ ሕክምና ኮሌጆች ቢኖሩም እጅግ ጥቂት ነበሩ።

በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ከሰሜኑ ጦር ጋር ሆኖ በቃኚነት አገለገለ። ጉልበቱ ላይ ጉዳት ስለደረሰበት ከጦሩ ተሰናበተ። ከዚያ በኋላ በዚያው ግዛት ወደ ጃክሰንቪል ከተማ ሄዶ ሥራውን ቀጠለ። ቀን ሕመምተኞችን እያከመ፣ ማታ ኬሚስትሪና የማይክሮስኮፕ ሥራ ራሱን በራሱ አስተማረ። የኋላ ኋላ የጥርስ ሕክምናም የሕክምናም ዲግሪ ቢሰጠውም፣ እነዚህ የመጡት በሙያው ከታወቀ በኋላ ነው።

የአማልጋም ክርክር

የብላክን ሥራ ለመረዳት በሙያው ውስጥ የነበረውን ጠብ ማወቅ ያስፈልጋል። አማልጋም ሜርኩሪ (በድሮ አጠራሩ ባዜቃ) ከብርና ከሌሎች ብረቶች ብናኝ ጋር ሲዋሐድ የሚገኝ ቅይጥ ነው። ሲቀላቀል ለስላሳ ሊጥ ይመስላል፤ በተቦረቦረው ጥርስ ውስጥ ከተጠቀጠቀ በኋላ ግን ይጠነክራል። በ1830ዎቹ ክሮኮር የተባሉ ወንድማማቾች ወደ አሜሪካ ይዘውት መጥተው በብዙ ማስታወቂያ ሸጡት። ዋጋው ከወርቅ እጅግ ያነሰ ነበር፤ አሠራሩም ቀላል ነው። በወርቅ መሙላት የለመዱት ሐኪሞች ግን ሕዝብን የሚመርዝ የአታላዮች ሥራ ነው ብለው ተቃወሙት። በ1840 የተቋቋመው የአሜሪካ ጥርስ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር አባላቱን በአማልጋም እንዳይጠቀሙ ቃል አስገባቸው። ጠቡ ማኅበሩን ከፋፍሎ በ1856 እንዲፈርስ አደረገው።

በሁለቱም ወገን የጎደለው ልኬት ነበር። አማልጋም ጥሩ ነው የሚለው ሐኪም ሃያ ዓመት የቆየ ሙሌት ያሳያል፤ መጥፎ ነው የሚለው ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ ጠርዙ ተሰንጥቆ ሥሩ የበሰበሰ ጥርስ ያቀርባል። ሁለቱም እውነት ነበር። ሙሌቱ ሲጠነክር ቢኮማተር በጥርሱና በሙሌቱ መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ በዚያ ምራቅና ባክቴሪያ ይገቡና መቦርቦሩ ከሥር ይቀጥላል። ቢስፋፋ ደግሞ ሙሌቱ ከጉድጓዱ ውጭ ይወጣል፣ ወይም ጥርሱን ያሳምማል። አንዱ ጠርሙስ የሚኮማተር፣ ሌላው የሚስፋፋ ቅይጥ ይዞ ሲመጣ፣ ሐኪሙ የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ወርቅ መግዛት የማይችለው ሕመምተኛ ነበር።

የቅይጥና የሙቀት ሙከራዎች

ብላክ የሠራቸውን ሙከራዎች ውጤት በ1895 እና በ1896 ዴንታል ኮስሞስ በተባለው መጽሔት አሳተመ። መሣሪያዎቹን አብዛኛውን ራሱ ነው የነደፈው። የሙሌትን መኮማተርና መስፋፋት በኢንች አሥር ሺሕኛ የሚለካ ማይክሮሜትር፣ ቅይጡ ሲጫን ስንት ክብደት እንደሚሸከም የሚያሳይ መሣሪያ፣ እንዲሁም ሰው በመንጋጋው ምን ያህል ኃይል እንደሚነክስ የሚለካ መሣሪያ ነበሩት። የመጨረሻው ቀላል ነገር ይመስላል፤ ሆኖም አንድ ሙሌት ይበቃል ወይስ አይበቃም ለማለት በመጀመሪያ የሚሸከመውን ጫና ማወቅ ግድ ነው።

በዚያው የ1895 ጥናት ሌላም የቆየ እምነት አፈረሰ። ብዙ ሐኪሞች የሰው ጥርስ ለስላሳና ጠንካራ ተብሎ እንደሚከፈል፣ የሚቦረቦረውም ለስላሳው እንደሆነ ያምኑ ነበር። ብላክ የብዙ ጥርሶችን ጥግግትና ጥንካሬ ለክቶ፣ ልዩነቱ መቦርቦርን የሚያስረዳ እንዳልሆነ አሳየ። ስለዚህ ሙሌት ሲበላሽ በሕመምተኛው ጥርስ ማሳበብ አይቻልም፤ ጥፋቱ በቅይጡ ወይም በሠሪው ዘንድ መፈለግ ነበረበት።

የዘመኑ ቅይጥ በዋናነት ብርና ቆርቆሮ ነው። ብላክ የሁለቱን መጠን ደረጃ በደረጃ እየለወጠ ለካ። ብር ሲበዛ ሙሌቱ ይስፋፋል፣ ቶሎ ይጠነክራል፣ ጫናም ይችላል። ቆርቆሮ ሲበዛ ይኮማተራል፣ ይዘገያል፣ ይለሰልሳልም። ከሁለቱ መካከል መጠኑን የማይለውጥ ነጥብ መኖር አለበት። ነገር ግን ይህን ነጥብ አገኘሁ ባለ ቁጥር ውጤቱ ይሸሸው ነበር። ዛሬ ልክ የሆነው ቅይጥ ከሳምንታት በኋላ ከዚያው ጠርሙስ ሲወሰድ ይኮማተራል።

ሐኪሞች አዲስ የተሞረደ ብናኝ ቶሎ እንደሚጠነክርና የቆየው እንደሚዘገይ ከልምድ ያውቁ ነበር። ብዙዎቹ ምክንያቱ አየር ነው፣ ብናኙ በኦክሲጅን ስለሚበላሽ ነው ይሉ ነበር። ብላክ ብናኙን ከአየር ለይቶ አስቀመጠው፤ ለውጡ ግን እንደ ቀድሞው ቀጠለ። በቀዝቃዛ ቦታ ሲያኖረው ለውጡ ዘገየ፣ ሞቅ ባለ ቦታ ደግሞ ፈጠነ። በመጨረሻም ብናኙን በዝግ ጠርሙስ አድርጎ በፈላ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ሲያቆየው፣ በመደርደሪያ ላይ ወራት የሚወስደው ለውጥ በዚያች አጭር ጊዜ ተፈጸመ። ምክንያቱ ሙቀት ነበር።

ዛሬ ይህ የሚብራራው እንዲህ ነው። ቅይጡ በሞረድ ወይም በመቁረጫ ማሽን ሲፈጭ እያንዳንዷ ቅንጣት ትጎብጣለች፣ ትጨመቃለች፤ በውስጧም ውጥረት ይቀራል። የተወጠረ ብረት ከሜርኩሪ ጋር ቶሎ ይዋሐዳል። ሙቀት ሲያገኝ አቶሞቹ ወደ ቦታቸው ይመለሱና ውጥረቱ ይላላል፤ ስለዚህ ውሕደቱ ይዘገያል፣ የሚጠጣው ሜርኩሪ ይቀንሳል፣ መስፋፋቱም ያንሳል። አንጥረኛ ብር ሲቀጠቅጥ ሲጠነክርበት እሳት ላይ አድርጎ እንደሚያለሰልሰው ያለ ነገር ነው።

ከዚህ የመጣው መፍትሔ ብልህ ነው። ብላክ ብናኙ እንዳይቆይ ከመታገል ይልቅ ሁሉንም አስቀድሞ በሙቀት አስረጀው፤ ከዚያም የተረጀው ብናኝ የሚያመጣውን መኮማተር ለማካካስ የብሩን መጠን ከፍ አደረገ። የእሱ ዓይነት ቅይጥ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ብር፣ ሩብ ያህሉ ቆርቆሮ ሲሆን፣ ለጥንካሬ ጥቂት በመቶ መዳብና ሲቀልጥ ኦክሲጅን እንዳያበላሸው 1 በመቶ ያህል ዚንክ ይጨመርበታል። የብርና የቆርቆሮው መጠን ሦስት የብር አቶም ከአንድ የቆርቆሮ አቶም ጋር ከሚሠሩት ውሕድ (በክብደት 73 በመቶ ገደማ ብር) ብዙም አይርቅም። የብላክ ቅይጥ በመሠረቱ ሳይለወጥ እስከ 1960ዎቹ ድረስ ዓለም የሠራበት ሆነ።

ብላክ ቅይጡን በባለቤትነት ይዞ ከመሸጥ ይልቅ አሠራሩንና መለኪያዎቹን አሳትሞ ለሙያው ሁሉ ሰጠ። ፋብሪካዎች የራሳቸውን ምርት በእሱ ዘዴ መለካት ሲጀምሩ፣ የጠርሙሱ ይዘት ገዢው ሊያጣራው የሚችል ነገር ሆነ። በ1919 የአሜሪካ ጦር ለወታደሮቹ የሚገዛውን አማልጋም እንዲመረምር የአገሪቱን የመለኪያ ቢሮ የጠየቀው በዚህ መንገድ ላይ ተመሥርቶ ነው። የአሜሪካ ጥርስ ሐኪሞች ማኅበር የመጀመሪያ የቁሳቁስ ደረጃም የወጣው ለአማልጋም ነው።

ወርቅና ሙቀት

ብላክ ወርቅንም መርምሯል። ንጹሕ ወርቅ በቀጭኑ ተቀጥቅጦ ፊቱ ንጹሕ ከሆነ ያለ እሳት፣ በግፊት ብቻ አንዱ ቅጠል ከሌላው ይጣበቃል። ይህን በ1855 ሮበርት አርተር የተባለ ሐኪም ለጥርስ ሙሌት አዋለው። ችግሩ ወርቁ ሲቀመጥ ከአየር ጋዞች እየሳበ መጣበቅ ማቆሙ ነው። ብላክ ጋዞቹን ለያቸው፦ አሞኒያ የሸፈነው ወርቅ በነበልባል ላይ ሲሞቅ እንደገና ይጣበቃል፤ ድኝና ፎስፈረስ ያላቸው ጋዞች የነኩት ግን በሙቀት አይመለስም። ስለዚህ ወርቁን ሆን ብሎ በአሞኒያ ሸፍኖ ማስቀመጥ፣ ሊሠሩበት ሲሉ ማሞቅ ተለመደ። እዚህ ሙቀቱ የሚሠራው በብረቱ ፊት ላይ እንጂ እንደ አማልጋሙ በውስጡ አይደለም።

በ1907 ዊልያም ታጋርት በሰም ቅርጽ ወርቅ አቅልጦ የማፍሰስን ዘዴ ለጥርስ ሲያስተዋውቅ፣ ሙሉ የወርቅ ዘውዶችና ድልድዮች ተስፋፉ። ንጹሕ ወርቅ ለዚህ እጅግ ለስላሳ ስለሆነ መዳብ፣ ብር፣ ፕላቲነምና ፓላዲየም ይቀየጥበታል። ብላክ በብርና በቆርቆሮ ያየው ነገር በሌላ መልክ እዚህም ተገኘ። መዳብ በበቂ መጠን ያለበት የወርቅ ቅይጥ ወደ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሞቆ ወዲያው በውሃ ቢነከር ይለሰልሳል፤ ሐኪሙም በቀላሉ ያስተካክለዋል። ከዚያ በ350 ዲግሪ ገደማ ለደቂቃዎች ቢቆይ የወርቅና የመዳብ አቶሞች በሥርዓት ተደርድረው ቅይጡ ይጠነክራል። ይህን ሥርዓት ያለው አደራደር ሩሲያዊው ኒኮላይ ኩርናኮቭና ባልደረቦቹ በ1916፣ ብላክ ከሞተ ከአንድ ዓመት በኋላ ገለጹት።

መምህርነትና መጻሕፍት

ብላክ በሴንት ሉዊስ፣ በቺካጎና በአዮዋ አስተምሯል። ከ1897 እስከ ዕለተ ሞቱ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ዲን ነበር። በ1908 የታተመው ባለ ሁለት ቅጽ የጥርስ ጥገና መጽሐፉ ለብዙ አሥርት ዓመታት ተማሪ ሁሉ የሚያነበው ሆነ።

የተቦረቦሩ ጥርሶችን እንደ ቦታቸው በአምስት ክፍል የመደበው እሱ ነው፤ ይህ አከፋፈል ዛሬም በየክሊኒኩ ካርድ ላይ ይጻፋል (ስድስተኛው በኋላ የተጨመረ ነው)። የመቁረጫ መሣሪያዎችንም በቁጥር ሰየማቸው፦ የምላሱ ስፋት፣ ርዝመትና ከእጀታው ጋር የሚሠራው ማዕዘን። ቁጥሮቹን ያነበበ ሰው መሣሪያውን ሳያይ ማሠራት ይችላል።

ሁሉም ትምህርቱ ግን አልቆየም። የታመመውን ብቻ ሳይሆን ወደፊት ሊቦረቦር የሚችለውን የጥርስ ክፍል ጭምር ቆርጦ የመሙላት ሕጉ ዛሬ ተትቷል። ፍሎራይድና የሚጣበቁ ሙሌቶች በሌሉበት ዘመን ምክንያታዊ ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ጤነኛ ጥርስ አስቆርጧል።

የበለዙ ጥርሶች

ፍሬደሪክ ማኬይ የተባለ ወጣት ሐኪም በኮሎራዶ ስፕሪንግስ ተወልደው ያደጉ ሰዎች ጥርስ ቡናማ ነጠብጣብ እንዳለበት አይቶ ብላክን እርዳታ ጠየቀ። ብላክ በ1909 ወደዚያ ሄደ። የበለዙት ጥርሶች ኤናሜል ሲፈጠር ጀምሮ የተበላሸ መሆኑን በማይክሮስኮፕ አረጋገጠ። እንዲህ ደካማ የሚመስሉት ጥርሶች ከሌሎቹ የበለጠ አለመቦርቦራቸውም አስገረመው። መንስኤውን ሳያገኝ ሞተ። በ1931 የአሉሚኒየም ኩባንያ ኬሚስት የነበረው ቸርችል በውሃው ውስጥ ብዙ ፍሎራይድ አገኘ። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂና በሌሎችም አካባቢዎች የጉድጓድ ውሃ በሚጠጡ ሰዎች ጥርስ ላይ የሚታየው ብልዘት ይኸው ነው።

ሞቱና ከእሱ በኋላ

ብላክ ኦገስት 31 ቀን 1915 በ79 ዓመቱ ሞተ። ልጁ አርተር ብላክም በኋላ የዚያው ትምህርት ቤት ዲን ሆኗል። በቺካጎ ሊንከን ፓርክ ሐውልት ቆሞለታል።

የብላክ ቅይጥ ደካማ ጎኑ ከጠነከረ በኋላ ታውቋል። ቆርቆሮውና ሜርኩሪው የሚሠሩት ውሕድ በአፍ ውስጥ ቶሎ ይዝጋል፣ ጠርዙም ይሰበራል። ከ1963 ወዲህ የመዳቡን መጠን ከፍ በማድረግ ይህ ውሕድ እንዲጠፋ ተደረገ። በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት ደግሞ በሜርኩሪ ምክንያት አገሮች የአማልጋምን አጠቃቀም እንዲቀንሱ ይጠይቃል፤ በብዙ ክሊኒኮችም ነጭ ሙሌት ቦታውን ወስዷል። አዲሶቹ ሙሌቶች ገበያ ከመግባታቸው በፊት ዛሬም መኮማተራቸውና የሚሸከሙት ጫና ይለካል።