የሁለቱ በሬዎች ዘፋኝ ፒየር ዱፖን

እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ አጋማሽ በፓሪስ ከተማ አንድ ያልተለመደ ዘፈን ተሰማ። የሚያወሳው ንጉሥን ወይም ጀግናን አልነበረም፤ በበረቱ ስላሉት ሁለት በሬዎች የሚናገር አራሽን እንጂ። ደራሲው ፒየር ዱፖን ይባላል።

ዱፖን በ1821 በሊዮን ተወለደ። በሕፃንነቱ ወላጆቹን በማጣቱ የገጠር ካህን የነበሩት የክርስትና አባቱ አሳደጉት። የአራሹን አነጋገር የሰማው ያን ጊዜ ነው። ካደገ በኋላ በሊዮን በአንድ ውል አዋዋይ ዘንድ ሲሠራ ቆይቶ ወደ ፓሪስ አቀና። የመጀመሪያ የግጥም መጽሐፉ በዘመዱ በፒየር ለብረን ጥረት ታትሞ ከግዳጅ ውትድርና አዳነው። በ1842 ከፈረንሳይ አካዳሚ ሽልማት አገኘ፤ በአካዳሚው መዝገበ ቃላት ሥራም ተቀጠረ። የተማረውን ሰው ምርጥ አነጋገር በሚያስቀድመው መዝገብ ላይ ሲሠራ የቆየው ይህ ሰው ስሙ የተጠራው ግን በበረት ቋንቋ ነው።

በዘፈኑ ውስጥ ገበሬው ቀይ ምልክት ስላለባቸው ነጫጭ በሬዎቹ፣ ማረሻው ከምን እንጨት እንደተሠራ፣ መንጃ በትሩም ከየትኛው ዛፍ እንደተቆረጠ ሳይቀር ይናገራል። ልጁን የሚያገባ ሰው ገንዘብ ቢጠይቅ ይሰጠዋል፤ በሬዎቹን ቢጠይቅ ግን አይሰጥም። ሚስቱንም ይወዳታል፤ ይሁን እንጂ ከበሬዎቹ ሞት የእርሷን ሞት እንደሚመርጥ ሳያፍር ይናገራል። ይህ ዛሬ ጆሮ ይጎረብጣል፤ ለእኔም ቀልድ የተቀላቀለበት ይመስለኛል። በእርሻ ኮሌጅ የበሬን ጉልበት በቁጥር ማስላት ተምረናል፤ በዘር ወቅት አንድ በሬ የሞተበት ቤት የሚያድርበትን ፍርሃት ግን ማንም አላስተማረንም። ዱፖን የያዘው ያንን ፍርሃት ነው።

የሙዚቃ ሊቁ ሻርል ጉኖ ዘፈኑን ማድነቁ ዱፖንን በዚሁ ሙያ አጸናው። ዱፖን ግን የዜማ ምልክት መጻፍ አያውቅም ነበር። ቃሉንና ዜማውን አብሮ ያፈልቃል፤ ዜማውን በወረቀት የሚያሰፍርለት ኧርነስት ሬዬ ነበር።

በ1846 የሠራተኞችን መዝሙር ደረሰ። በዚያው ዓመት በፈረንሳይ አዝመራው ከፋ፤ የዳቦ ዋጋም ናረ። ስለ ዳቦ ያቀናበረው ዘፈን በአደባባይ እንዳይዘፈን ተከለከለ። ስለ በሬ ሲዘፍን ያጨበጨበለት ከተማ፣ ከዚያው በሬ ጉልበት ስለሚገኘው እንጀራ ሲዘፍን ባለሥልጣኖቹ ፈሩት።

ሉዊ ናፖሊዮን በታኅሣሥ 1851 ሥልጣን በኃይል ከያዘ በኋላ በዱፖን ላይ የ7 ዓመት ግዞት ተፈረደበት። ፍርዱ ቢሻርለትም ከፖለቲካው ራቀ። የመጨረሻ ዘመኑን ያሳለፈው በሊዮን ነው። ፈረንሳይ በፕራሻ ላይ ጦርነት ባወጀችበት በሐምሌ 1870፣ በ49 ዓመቱ በተወለደባት ከተማ አረፈ።