ልጁ ይሰለፍ ወይስ ይቆይ? ይድነቃቸው ተሰማና የመቆየት ዋጋ

መስከረም ጠብቶ ትምህርት ቤት ሲከፈት ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ አብሮ የሚከፈት ክርክር አለ። ከዙሪያው የገጠር ቀበሌ 9ኛ ክፍል ለመማር የመጣ፣ ቤት ተከራይቶ ስንቁን ቅዳሜና እሁድ ከቤተሰቡ የሚያመላልስ አንድ ቀጭን ልጅ ሜዳ ላይ ይታይና ተመልካቹን አፍ ያስይዛል። ኳሷ እግሩ ላይ የተለጠፈች ነው የምትመስለው። ታዲያ ይሄ ልጅ ዘንድሮውኑ የትምህርት ቤቱን ማሊያ ይልበስ ወይስ አንድ ዓመት ልምምድ ብቻ እየሠራ ይቆይ? አንዱ ወገን ችሎታ ካለው ምን ይጠበቃል ይላል። ሌላው ደግሞ አጥንቱ ያልጠና ልጅ ከ12ኛ ክፍል ጎረምሳ ጋር ማጋጨት ልጁን በቁሙ መጨረስ ነው ባይ ነው።

ክርክሩ የምዕራብ ጎጃም ብቻ አይደለም። አሜሪካኖች በእጅ በሚጫወቱት በራሳቸው ፉትቦል ሕግ አውጥተውለታል። ዩኒቨርሲቲ የገባ አዲስ ተጫዋች የመጀመሪያውን ዓመት ከቡድኑ ጋር እየተለማመደ፣ ግን ሳይሰለፍ ሊያሳልፍ ይችላል። ያ ዓመት ለውድድር ከተፈቀዱለት 4 ዓመታት አይቀነስበትም። አሠራሩን ሬድሸርት ይሉታል፣ ቀይ ማሊያ እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ ከ2018 ወዲህ ደግሞ ልጁ እስከ 4 ጨዋታ ቢሰለፍም ዓመቱ አይቆጠርበትም። ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚለው ግን እዚያም እልባት አላገኘም።

እኛ አገር ይህ ክርክር ሲነሳ ሕይወቱ ሊጠቀስ የሚገባው ሰው አለ። የአፍሪካ እግር ኳስ አባት የሚባሉት አንጋፋው ይድነቃቸው ተሰማ። በተጫዋችነት ቸኩለው ገቡ፤ በአሰልጣኝነትና በመሪነት ግን መቆየትን ደጋግመው መረጡ። የቱ እንዳዋጣ ከታሪካቸው ማየት ይቻላል።

በ14 ዓመት ሜዳ

ይድነቃቸው የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም፣ በእንቁጣጣሽ፣ ጅማ ከተማ ነው። አባታቸው በግጥምና በዘፈን ስማቸው የገነነው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ልጅ ግን የአባቱን መሰንቆ ሳይሆን ኳስ ተከተለ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ሲመሠረት ይድነቃቸው ገና 14 ዓመታቸው ነበር። ያኔ ተስፋ ቡድን የለ፣ ቢ ቡድን የለ። ኳስ የሚችል ይገባል፣ የማይችል ዳር ቆሞ ያያል። ይድነቃቸው ገቡ።

ማንም ቆይ አላላቸውም። ቆይ ያላቸው ጦርነት ነው። ክለቡ ከተመሠረተ ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። በቅኝ ገዢዎቹ የዘር ሕግ ጥቁርና ነጭ ለየብቻ ሆነ፤ ሜዳውም እንደዚያው። ጊዮርጊስም ስሙ ተቀይሮ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር ተባለ። ከ14 እስከ 19 ዓመት ያለው ጊዜ አንድ ተጫዋች የሚሠራበት ዕድሜ ነው። ይድነቃቸው ያን ዕድሜ ያሳለፉት በዚህ አጥር ውስጥ ነው። ኳስ አላቆሙም፤ ከማን ጋር እንደሚጫወቱ ግን ሌላ ሰው ይወስንላቸው ነበር።

ያ አጥር የፈረሰው ደግሞ በጎጃም በኩል በመጣ ጦር ነው። በ1933 ዓ.ም ከኦሜድላ በበላያ አድርጎ የገባው የአርበኞችና የእንግሊዞች ጦር የካቲት መጨረሻ ላይ ቡሬን አስለቀቀ። ዛሬ ፍኖተ ሰላም ባለችበት መንገድ ወደ ደምበጫ ወረደ። በመጋቢት መጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ አዲስ አበባ ገቡ። የቡሬና የፍኖተ ሰላም ልጅ በየቀኑ የሚሻገረው የባሕር ዳር አስፋልት፣ የአዲስ አበባ ኳስ ነፃ የወጣበትም መንገድ ነው ማለት ነው። ይድነቃቸው በዚያ ጊዜ 19 ዓመታቸው ነበር።

ጎልማሳ ሆነው የነጮቹን ቡድኖች በእኩልነት ገጠሙ። በ1936 ዓ.ም በተደረገው የመጀመሪያው ውድድር ከጊዮርጊስ ሌላ የጣሊያኖቹ ፎርቲቲዩዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበሩ። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። ጊዮርጊስ የመጀመሪያውን የአገር ሻምፒዮናነት ያገኘው በ1942 ዓ.ም ነው። ልብ በሉ፣ በ14 ዓመቱ ቡድኑን የተቀላቀለው ልጅ ክለቡ ሻምፒዮን ሲሆን 28 ዓመት ሆኖታል። ይድነቃቸው ለሌላ ክለብ ሳይጫወቱ ከ20 ዓመት በላይ በጊዮርጊስ ማሊያ ቆዩ። ቶሎ የገባ ቶሎ ያልቃል የሚለው ወገን እዚህ ላይ መልስ ያጣል።

ሁለት ሽንፈት፣ አንድ ዋንጫ

በ1949 ዓ.ም ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ አራት ሆነው ሊጫወቱ ነበር የታሰበው። ደቡብ አፍሪካ ግን ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ የሆነ ቡድን ነው የምልከው አለች። በዘር የተከፈለ ሜዳ ምን እንደሆነ በልጅነታቸው ያዩት ይድነቃቸው ይህን የሚቀበሉ ሰው አልነበሩም። ደቡብ አፍሪካ ቀረች፤ ኢትዮጵያ ያለ ጨዋታ ለፍፃሜ አለፈች።

ፍፃሜው ግን መራራ ነበር። ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈች፤ አራቱንም ያገባው አድ ዲባ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ካይሮ ላይ በተደረገው ሁለተኛው ዋንጫ ደግሞ ያው ግብፅ ያንኑ 4 ለ 0 ደገመች፤ ሱዳንም 1 ለ 0 ረታን። በሁለት ውድድር ሦስት ጨዋታ፣ ዘጠኝ ጎል ተቆጠረብን፣ አንድም አላገባንም። እንዲህ ያለ ውጤት ዛሬ ቢሆን አሰልጣኝ ተባሮ፣ ቡድን ፈርሶ፣ ሁሉም ከዜሮ ይጀመር ነበር።

በ1954 ዓ.ም ዋንጫው አዲስ አበባ መጣ። አሰልጣኙ ይድነቃቸው ናቸው። ጥር 6 ቱኒዚያ 4 ለ 2 ተሸነፈች። ጥር 13፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ፍፃሜው ከዚያችው ከግብፅ ጋር ሆነ። ባዳዊ በ35ኛው ደቂቃ ለግብፅ አገባ። ግርማ ተክሌ በ74ኛው አቻ አደረገ፤ ሰው ደስታውን ሳይጨርስ በ75ኛው ባዳዊ ደገመ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ በ84ኛው ደቂቃ ነፍስ ዘራ። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው ደቂቃ መረብ አገኙ። 4 ለ 2። ዋንጫውን ሉቺያኖ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

መንግሥቱ ያኔ ገና 21 ዓመት አካባቢ ያለ ወጣት ነው። ሉቺያኖ ደግሞ 26 የሞላው የበሰለ ተጫዋች። በዚያ ቡድን ውስጥ ትንሽ የቆየና ገና የመጣ ጎን ለጎን ነበሩ። ወጣቱ ብቻውን ሸክም አልተጫነበትም፤ ሲሳሳት የሚሸፍነው ታላቅ ነበረው። ስለዚህ ፍኖተ ሰላም ላይ የሚነሳውን ጥያቄ ትንሽ ማረም ያስፈልጋል። ይሰለፍ ወይስ ይቆይ ከማለት በፊት፣ ቢሰለፍ ከማን አጠገብ ነው የሚለው ይቅደም። ቀጭኑ የ9ኛ ክፍል ልጅ ኳስ የሚያስይዘው ታላቅ ካለ ይግባ፤ ቡድኑን አንተ አሸንፍልን የሚባል ከሆነ ግን ቢቆይ ይሻለዋል።

አህጉር ተቀያሪ ወንበር ላይ

የይድነቃቸው ትልቁ ቁማር ግን በአንድ ልጅ ወይም በአንድ ቡድን ሳይሆን በአንድ አህጉር የተደረገ ነው። እ.ኤ.አ ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ፊፋ ለአፍሪካ ቀጥታ ቦታ አልሰጠም። የአፍሪካው አሸናፊ ገና ከእስያና ኦሺኒያ ጋር ተጋጥሞ ማለፍ ነበረበት። የጋናው ኦሄኔ ጃንና ይድነቃቸው ከተቃውሞው ፊት ቆሙ፣ አፍሪካም በሙሉ ከማጣሪያው ወጣች። ለዚያ ዘመን ተጫዋቾች ይህ ቀላል አይደለም። ዕድሜ አይጠብቅም፤ በ1966 ጉልበት ላይ የነበረ በ1970 ጫማውን ሰቅሎ ይሆናል። እነሱ ከፈሉ፣ ሌላው በላ። ለ1970ው ዋንጫ አፍሪካ የራሷን ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮም ሜክሲኮ ሄደች። በ1982 ቦታው ሁለት ሆነ፤ አልጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ረታች፣ ካሜሩን ሳትሸነፍ ተመለሰች።

ይድነቃቸው ከ1972 እ.ኤ.አ ጀምሮ እስከ ሕልፈታቸው የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዝዳንት ነበሩ። የወጣቶች ውድድር መልክ የያዘው በእሳቸው ጊዜ ነው፤ የአፍሪካ ወጣቶች ዋንጫ በ1979 ተጀመረ። ልጅ ከእኩዮቹ ጋር ተጫውቶ የሚያድግበት መሰላል ተገኘ ማለት ነው። መሰላሉን የሚያበላሽም አልጠፋም። ይድነቃቸው ካለፉ በኋላ በ1989 ናይጄሪያ በተጫዋቾች ዕድሜ ማጭበርበር ከፊፋ የወጣቶች ውድድሮች ለሁለት ዓመት ታገደች። ልጅ እንዲቆይ ማድረግ አንድ ነገር ነው፣ ጎልማሳን ልጅ ነው ማለት ሌላ።

ሁሉም ውሳኔ ግን አላዋጣም። ከ1965 ጀምሮ በአፍሪካ ዋንጫ አንድ አገር ከሁለት በላይ ውጭ የሚጫወቱ ልጆችን ማሰለፍ አይችልም ነበር። ይድነቃቸው ወጣቶች ወደ አውሮፓ መጉረፋቸውን አጥብቀው የሚቃወሙ ሰው ነበሩ፤ ልጁ እዚሁ ይቆይ፣ እዚሁ ይብሰል ነው ሐሳቡ። ጉዞው ግን አልቆመም። ልጆቹ ሄዱ፣ የተጎዱት የየአገሩ ብሔራዊ ቡድኖች ሆኑ፣ ሕጉም በ1982 ተነሳ። ስጋታቸው ባዶ ነበር ማለት ግን አይደለም። ጋናዊው ኒ ላምፕቴ በ16 ዓመቱ ለአንደርሌክት ተሰልፎ፣ በ1991 የዓለም ታዳጊዎች ዋንጫ ኮከብ ተብሎ፣ ከዚያ ከክለብ ክለብ ሲንከራተት ጠፋ። በአንፃሩ ሳሙኤል ኤቶ በ17 ዓመቱ በ1998 የዓለም ዋንጫ ተሰልፎ የትኛው ከፍታ እንደደረሰ የአደባባይ ምስጢር ነው። ዕድሜው ብቻ መልስ አይሆንም።

የቡሄ ዕለት

ይድነቃቸው ተሰማ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም በ65 ዓመታቸው አረፉ። በእንቁጣጣሽ የተወለደ ሰው በቡሄ ሄደ። ካሜሩን በ1990 ሩብ ፍፃሜ ስትደርስ አላዩም። በካርቱም በር የተዘጋባት ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ አንድ ላይ አሰልፋ በ1992 ስትመለስ፣ በ1996ም በአገሯ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሳ አልነበሩም። ከካርቱም እስከዚያ ድል 39 ዓመት ነው። የአገራቸው ቡድንም ከ1982 በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ እስከ 2013 ድረስ 31 ዓመት ጠበቀ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው መቆየት ምን እንደሚጠበቅ ይታወቅ ነበር፤ ሁለተኛው ዝም ብሎ መቀመጥ ነበር።

ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ላይ ያለው ክርክርም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ልጁ አንድ ዓመት ይቆይ ከተባለ ያ ዓመት ሥራ ይኑረው። በየቀኑ ልምምድ፣ የሚያየው አሰልጣኝ፣ ደህና ምግብ፣ መቼ እንደሚሰለፍም ቁርጥ ያለ ቃል። ይህ ከሌለ መቆየት ሳይሆን መረሳት ነው። ስንቁን ተሸክሞ ረጅም መንገድ በእግሩ የመጣ ልጅ ደግሞ ዳር ተቀምጦ ተስፋ ከቆረጠ ኳሱን ብቻ አይደለም የሚተወው፤ ትምህርቱንም ጥሎ ወደመጣበት ሊመለስ ይችላል። ይድነቃቸው በጠላት ዘመን እንኳ ኳስ ሳይለቁ ነው የቆዩት። ለዚያ ነው በሩ ሲከፈት ዝግጁ ሆነው የተገኙት።