ካፒቴን አሜሪካንና ብላክ ፓንተርን የሳለው እጅ
በፊልም ዓለምን ያዳረሱት የማርቭል ጀግኖች የተወለዱት፣ የንግሥተ ሳባን ታሪክ በተከታታይ ክፍሎች እንደሚተርከው ባህላዊ ሥዕላችን ሁሉ፣ በሠዓሊ እጅ ነው። ጃክ ከርቢ እ.ኤ.አ. በ1917 በኒው ዮርክ ከድሃ አይሁዳውያን ስደተኞች ተወለደ። ከጆ ሳይመን ጋር ካፒቴን አሜሪካን ሲፈጥር ገና የ23 ዓመት ወጣት ነበር፤ አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ሳትገባ፣ የመጀመሪያው ቅጽ ሽፋን ጀግናው ሂትለርን በቡጢ ሲመታ አሳየ። አሳታሚው ታይምሊ ይባል ነበር፤ ኋላ ማርቭል የተባለው ነው። በ1944 ከርቢ ራሱ ፈረንሳይ ዘመተ፤ ብርዱ እግሮቹን ሊያሳጣው ጥቂት ቀርቶት ነበር።

በ1966 ከስታን ሊ ጋር ብላክ ፓንተርን አስገኘ፦ ማዕድኗን ሊዘርፍ የመጣን ባዕድ የመከተ የአፍሪካዊት አገር ንጉሥ። ለዓድዋ ልጆች እንግዳ ታሪክ አይደለም።

ገጸ ባሕርያቱ ግን የአሳታሚው ንብረት ሆኑ፤ ምስጋናውም በአመዛኙ ለሊ ሄደ። ከርቢ የገዛ ሥዕሎቹን ለማስመለስ ለዓመታት ተሟግቶ በ1987 ያገኘው 1,900 ያህል ገጽ ብቻ ነበር፤ የሳለው ከ10 ሺህ ይበልጣል። በየካቲት 1994 ዐረፈ።

በዚያው ዓመት አንድ አድናቂው በስሙ መጽሔት ጀመረ። የጥንቶቹን ገጾች የመረመሩ አንባብያን በኅዳጋቸው የከርቢን የእጅ ጽሑፍ አገኙ፤ ሊ ንግግሩን ከመጻፉ በፊት ታሪኩን ትዕይንት በትዕይንት ያብራራ ነበር። በ2014 ማርቭል ከወራሾቹ ጋር ተስማማ፤ የፈጣሪነት ስሙም ከሊ ጎን ይታተም ጀመር።